በ10 ሺህ ብር የመጀመሪያ ቦክስ ጊታር ይገኛል ወይስ ልቆጥብ?

ጣና ዳር

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

ባህር ዳር ነው ያለሁት፣ ነርስ ነኝ። ጊታር መማር ከልጅነቴ ጀምሮ ያምረኛል ግን ሁሌ የሚቀድም ነገር አይጠፋም፣ ኪራይ ምናምን፣ አሁን ዕቁብ ደርሶኝ የቤቱን ከሸፈንኩ በኋላ ለራሴ 10 ሺህ ብር ለይቻለሁ። ከዚያ በላይ አልጨምርም፣ ስለዚህ «ትንሽ ብትጨምሪ» የሚል ምክር ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ።

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚህ ስለሚመጣ ገዝቶ ያመጣልኛል። ችግሩ እሱም እንደኔው ነው፣ ሱቅ ገብቶ ፎቶ ይልክልኛል እኔም እያየሁ «ይሄ ያምራል፣ ይሄም ያምራል» እላለሁ በቃ። አንዱ ባለሱቅ 38 ኢንች ነው የሚሻልሽ ለሴት ይሆናል ይላል፣ ሌላው 41 ካልሆነ ድምፅ የለውም ይላል። አንዱ ደግሞ ናይለን ክር ያለውን ግዢ፣ በኋላ ስትለምጂ የብረት ክር ትቀይሪበታለሽ ብሎናል። ኢኳላይዘር ያለው፣ ከስፒከር ጋር የሚሰካ ማለቴ ነው፣ በበጀቴ አለ ተብያለሁ እሱስ ይጠቅመኛል?

እጄ ትንሽ ነው። መጫወት የምፈልገው ትዝታ ነገር ነው፣ አባቴ የሮሃ ባንድ ካሴት ይሰማ ስለነበር ያ የጊታር ድምፅ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። አስተማሪ የለኝም ከዩቲዩብ ነው የምማረው። ምን ትሉኛላችሁ?

የኳየር ልጅ

ሰላም እህት። እኔ ቸርች ውስጥ ነው የምጫወተው ብዙ ጀማሪ አይቻለሁ፣ እውነቱን ልንገርሽ በ10 ሺህ አዲስ የሚረባ ነገር አታገኚም። ያማሃ ኤፍ 310 እስክትችዪ ቆጥቢ። ኤፍ 310 ከላይ እስከ ታች ኮምፔንሳቶ ነው፣ ውድ እንጨት የለውም፣ ግን አንገቱ ትክክል ነው ቲዩኑን ይይዛል፣ ለመሸጥም ብትፈልጊ በማግስቱ ገዢ አለው። ስም የሌለውን ገዝተሽ ጣትሽ ሲቆስል «እኔ አልችልም» ብለሽ ትተዪዋለሽ፣ ስንቱ እንደዚያ ሆኖ ጊታሩ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ይጠጣል።

ክር ላይ ደግሞ የብረቱን ነው የምመክርሽ። ኮርድ እየመታሽ ለመዘመር ናይለን ድምፁ ይሰጥማል። ጣት ያማል ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ነው ከዚያ ይደነድናል።

ብሎንና ክር

@የኳየር ልጅ ስለ ኤፍ 310 ያልከው ልክ ነው፣ ግን ልጅቷ አልጨምርም ብላለች እኮ ወንድሜ። ጊታር እየጠገንኩ ስለምኖር የርካሽ ጊታር ዓይነት ያላየሁት የለም ብል ማጋነን አይሆንም፣ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝር።

እህቴ፣ በመጀመሪያ ያንን «በኋላ የብረት ክር ትቀይሪበታለሽ» ያለሽን ሰው አትስሚው። የናይለን ጊታር፣ ክላሲክ የምንለው፣ ስድስቱ ክር አንድ ላይ አንገቱን የሚጎትተው ወደ 40 ኪሎ ገደማ በሚሆን ኃይል ነው። የብረት ክር የተለመደውን 12 ቁጥር (የክሩ ውፍረት ነው) ስታደርጊ ከ70 ኪሎ ያልፋል። ክላሲኩ ደግሞ ውስጡ ያለው ድጋፍ ስስ ነው፣ አብዛኞቹ አንገታቸው ውስጥ የሚጠብቅ ብረት (ትረስ ሮድ) የላቸውም። ስለዚህ ምን ይሆናል፣ ለጥቂት ወር ደስ የሚል ጩኸት ይሰጥሻል፣ ከዚያ አንገቱ ይጎብጣል ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ሳጥኑ ላይ የታሰሩበት እንጨት፣ ከነኮላው ይነሳል፣ ከዚያ እኔ ጋ ይመጣል ማለት ነው። ከሚመጡልኝ ውስጥ የዚህ ዓይነቱ ብዛት ይገርማል። በናይለን የተሠራ በናይለን ይኖራል በቃ።

አሁን ወደ ዋናው። ጀማሪ ጊታር የሚያስተወው የድምፁ ማነስ አይደለም፣ ክሩ ከአንገቱ በላይ ከፍ ብሎ ስለሚቆም ነው። እኛ አክሽን እንለዋለን። ወንድምሽ ማስመሪያ ይያዝ፣ ትንሿን የተማሪ ማስመሪያ። 12ኛው ፍሬት ላይ (ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም ያሉት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው) ከብረቷ ጫፍ እስከ ክሩ ታች ያለውን ይለካ። በብረት ክር ጊታር ወፍራሙ ክር ላይ ከ2 ሚሊ ተኩል እስከ 3 ሚሊ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ናይለን ላይ እስከ 4 ሚሊ ድረስ ኖርማል ነው። 5 ምናምን ካለ ሌላ ይይ። 12ኛውን ለማግኘት መቁጠር ይችላል፣ የብረት ክር ጊታር ላይ ብዙ ጊዜ እዚያ ሁለት ነጥብ አለ፣ ክላሲክ ላይ ደግሞ አንገቱ ከሳጥኑ የሚገናኝበት ቦታ እሱ ነው። (ከጫፍ ያልጀመረ ማስመሪያ ስላለ ዜሮው የት እንዳለ ይይ እሺ።)

ከዚያ አንገቱን። ጊታሩን አንስቶ አናፂ ጣውላ ሲመርጥ በአንድ ዓይኑ እንደሚያየው ከጭንቅላቱ በኩል ወደ ታች ይየው። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ወደ ፊት ጎበጥ ካለ ችግር የለውም እንዲያውም መሆን አለበት፣ ግን ከተጠማዘዘ፣ ማለትም አንዱ ጎን ወደላይ ሌላው ወደታች ከሄደ፣ በነፃ ቢሰጡትም አይውሰድ። ጉብጠት ትረስ ሮድ ካለው በአሌን ቁልፍ ይስተካከላል፣ የተጠማዘዘውን ግን ለማቅናት የሚወጣው ብር ከጊታሩ ይበልጣል።

ብሪጁ ደግሞ ከኋላው በኩል ወረቀት ሲያስገባ ከገባ ተነስቷል ማለት ነው፣ ይለፈው። ከብሪጁ ኋላ ሳጥኑ እንደ ሆድ በጣም ከተነፋም እንደዚያው።

በመጨረሻ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ እያንዳንዱን ፍሬት አንድ በአንድ እየተጫነ ይምታ፣ መጫወት መቻል የለበትም፣ አንድ ጣት ይበቃል። ዝዝዝ የሚል ወይም የሚታፈን ቦታ ካለ የሆነ ፍሬት ተነስቷል። ባለሱቁ ቢነጫነጭ ይነጫነጭ። ይሄን ሁሉ በቪዲዮ ይቅረጽልሽና እዚህ አምጪው እናያለን።

ስለ ኢኳላይዘሩ፣ ተይው። በዚያ ዋጋ ኢኳላይዘር ያስገቡበት ጊታር ከእንጨቱና ከቁልፎቹ ላይ ቀንሰው ነው ያስገቡት፣ ቤትሽ ለብቻሽ ስትለማመጂ ደግሞ ባትሪ ከመግዛት ሌላ ምንም አይጨምርልሽም።

ጣና ዳር

ኧረ ተባረክ! ማስመሪያ የሚለውን ለወንድሜ ስነግረው «ሱቅ ውስጥ እንደ መሐንዲስ ልታሳይብኝ ነው» አለኝ ግን እሺ ብሏል።

38 እና 41 የሚለውን አልነገርከኝም ግን። ናይለንም ብረትም አሁንም አልቆረጥኩም።

ብሎንና ክር

አዎ ረሳሁት እሱን አይደል። «ለሴት 38» የሚባለው የሱቅ ወሬ ነው። ኢንቹ የጊታሩ ጠቅላላ ርዝመት ነው፣ እጅሽን የሚመለከተው ግን ሁለት ሌላ ነገር ነው፣ የአንገቱ ስፋትና በፍሬቶቹ መካከል ያለው ርቀት። የብረት ክር ጊታር አንገቱ ላይኛው ጫፍ ላይ 43 ሚሊ አካባቢ ነው፣ ክላሲክ 52 ሚሊ። ስለዚህ እጀ ትንሽ ሰው ክላሲክ ሲይዝ አውራ ጣቱ ከኋላ መሐል ላይ ካልሆነ አይደርስለትም፣ ይለመዳል ግን መታወቅ አለበት። ያማሃ ሲኤስ 40 የሚባል አነስ ያለ ክላሲክ አለ፣ የክሩ ርዝመት 580 ሚሊ ነው ትልቁ ሲ 40 ደግሞ 650፣ የሲኤስ 40 አንገትም 48 ሚሊ ነው። ያገለገለ እሱን ካገኛችሁ አታመንቱ ግን ብዙም አይገኝም።

38 ኢንች ከሚባሉት ግን ገበያ ላይ የሞሉት ባለቀለም፣ ጠርዛቸው ጥቁር የተቀባ፣ ከነቦርሳና ከነፒኩ በጥቅል የሚሸጡት ናቸው። ከነሱ ውስጥ ደህና አይጠፋም፣ ግን ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለቱ እንኳን አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ለዚህ ነው በማስመሪያ ያልኩሽ። ባለሱቁ ሦስት አራቱን አውርዶ ያሳየው፣ ከቀለሙ ይልቅ ክሩ ዝቅ ያለውን ይምረጥ።

ሌላ፣ 10 ሺዋን ሙሉ ጊታሩ ላይ አትጨርሺ። ሱቅ የሚመጣው ክር ብዙ ጊዜ የዛገ ነው። ለአዲስ ክርና ለማስተካከያ የተወሰነ አስቀሪ። ማስተካከል ማለት ብዙ ነገር አይደለም፣ ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትን ነጩን ሳድል አውጥቶ ከታች በኩል በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው፣ 12ኛው ፍሬት ላይ 1 ሚሊ እንዲወርድ ከፈለግሽ ሳድሉ 2 ሚሊ ነው የሚታሸው። ጭንቅላቱ አካባቢ ክሮቹ በቦይ የሚያልፉበት ነት ከፍ ካለ ደግሞ ኤፍ ኮርድን በሕይወትሽ አትይዢም፣ ሰዉ «ኤፍ ከባድ ነው» እያለ የሚያለቅሰው ግማሹ በነቱ ምክንያት ነው። የነቱን ነገር ግን ራስሽ አትሞክሪው፣ ከታች የሚታሸው ሳድል በዝቶ ቢታሽ በርካሽ ይተካል፣ ነቱ ላይ ቦዩን አብዝተሽ ከቆፈርሽ ክሩ መጮህ ይጀምራል።

ናይለን ወይስ ብረት ለሚለው እኔ ላንቺ ናይለን እላለሁ፣ @የኳየር ልጅ ይጣላኛል።

የኳየር ልጅ

አልጣላህም ግን አልስማማም 😄 ኮርድ ለመምታት ብረት ነው። ደግሞ ሮሃ ባንድ አለች እኮ፣ ያ ድምፅ ከናይለን ይወጣል?

ብሎንና ክር

ከብረት ቦክስም አይወጣም። ሰላም ሥዩም ሮሃ ባንድ ላይ የተጫወተው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፣ በአምፕሊፋየር። እሱን ድምፅ ጠብቃ ቦክስ የገዛች ሰው የቱንም ብትገዛ ታዝናለች፣ ስለዚህ አሁኑኑ ይታወቅ። መስመሩን መጫወት ግን በየትኛውም ይቻላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ወገን ከሜሪላንድ ነኝ። እኔ የምለው ከዚህ ሰው አያመጣልሽም? እዚህ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ በኮቪድ ጊዜ ተገዝተው አልጋ ሥር የተረሱ ጊታሮች ሞልተዋል፣ ያማሃ ኤፍጂ 800 ያገለገለ ከመቶ ዶላር ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ አይቻለሁ፣ እሱ ደግሞ የላይኛው ገጹ ኮምፔንሳቶ ሳይሆን ሙሉ ስፕሩስ እንጨት ነው ከኤፍ 310 ይበልጣል። ለሰርግ ለምናምን የሚመጣ ሰው አይጠፋም፣ ከሁለቱ ሻንጣ አንዱን ለሱ መልቀቅ ነው። ሲጫን ክሩን ላላ ማድረግ፣ ጭንቅላቱ ሥር ልብስ መጠቅጠቅ፣ ብዙ ጊታር የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው።

ጣና ዳር

@ሲልቨር ስፕሪንግ አመሰግናለሁ ወንድሜ ግን ውጭ ያለን ዘመድ አንዲት አክስቴ ናት እሷም ጂዳ ናት፣ ጊታር አምጪልኝ ብላት «ነርስ አይደለሽ እንዴ» ነው የምትለኝ 😂 ደግሞ መቶ ዶላር በዛሬው ምንዛሪ ከኔ 10 ሺህ እኮ ያልፋል።

ብሎንና ክር

ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላር ሒሳብ እንደዚያ ነው። የድሮ ዋጋ የሚነግርሽ ሰው ቢኖር አትስሚው፣ ከዚያ በፊት ያየውን ነው።

@ሲልቨር ስፕሪንግ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ለሚችል ሰው እሱን ነው የምመርጠው። አንድ ነገር ግን፣ ሙሉ እንጨት የሆነው ገጽ ከኮምፔንሳቶው ይልቅ ለድርቀት ስስ ነው፣ እናንተ ጋ ክረምት ላይ ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል፣ አልጋ ሥር ዓመታት የተቀመጠ ከሆነ ገጹ ላይ በቁመቱ የሄደ ስንጥቅ ካለ አይታችሁ ግዙ። ለጀማሪ ኮምፔንሳቶ ነውር አይደለም፣ የአየር ለውጥን የተሻለ ይችላል። ባህር ዳር ግን ያም ሆኖ ግድግዳው ፀሐይ በሚመታው በኩል አትስቀዪው፣ መኪና ውስጥ ትተሽውም አትሂጂ፣ ኮላው ይለቃል።

ክራር ወዳጅ

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ፣ ግን ትዝታ ስትዪ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ዋናው መሣሪያዬ ክራር ነው ጊታር በጎን ነው።

ማንም ያልነገረሽ አንድ ነገር አለ። ጊታር በተለመደው ቅኝት ክሮቹ ሳይጫኑ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ ኤ ዲ ጂ ቢ ኢ ናቸው። አሁን ከጂ ጀምረሽ ደርድሪያቸው፣ ጂ ኤ ቢ ዲ ኢ። ይሄ ትዝታ ሜጀር ነው! ምንም ሳትጫኚ ስድስቱም ክር ቅኝቱ ውስጥ ነው ያሉት። ስለዚህ ወፍራሙን ክር (6ኛው የሚባለው እሱ ነው፣ ቀጭኑ 1ኛ) 3ኛው ፍሬት ላይ ተጭነሽ ጀምሪ፣ ከዚያ 5ኛው ክር ባዶውን፣ እዚያው 2ኛው ፍሬት፣ 4ኛው ክር ባዶውን፣ እዚያው 2ኛው ፍሬት፣ ከዚያ 3ኛው ክር ባዶውን ስትመቺ ጂ ላይ ተመልሰሽ መጣሽ። ባዶና ጫን ባዶና ጫን ነው፣ ስትወርጂም በዚያው። ትዝታ ማይነር ስትፈልጊ ቢ እና ኢ ግማሽ ይወርዳሉ፣ 5ኛውም 4ኛውም ክር ላይ 2ኛው ፍሬት የነበረው ወደ 1ኛው ይመጣል ማለት ነው። ክራር ላይ ይሄን ለማድረግ ክር ማላላት አለብሽ፣ ጊታር ላይ ጣት ማንሸራተት ብቻ።

ለዚህ አጨዋወት፣ ክር በክር በጣት ለሚነቀል ነገር፣ ናይለን ነው የሚጥመኝ። የክራር ለዛ ይቀርበዋል፣ በክሮቹ መካከልም ሰፋ ያለ ቦታ ስላለው ጣት አይጋጭም። እጅሽ ትንሽ መሆኑም ለዚህ ብዙ አያስቸግርም ምክንያቱም ከ3ኛው ፍሬት በላይ አትሄጂም መጀመሪያ ላይ።

የኳየር ልጅ

ይሄን የትዝታውን ነገር እኔም አላውቅም ነበር እስካሁን ስጫወት 😮 እሺ ለሷ ናይለን ይሁን ተሸንፌአለሁ። ለቲዩን ግን ብር አታውጪ እህት፣ ጊታር ቱና የሚባለውን አፕ ስልክሽ ላይ ጫኚ፣ ነፃው ይበቃሻል። አዲስ ናይለን ደግሞ መጀመሪያ ቀናት ይለጠጣል፣ በየአምስት ደቂቃው ይወርዳል፣ ተበላሽቷል ብለሽ እንዳትደነግጪ።

ጣና ዳር

ወንድሜ ዛሬ ዞሮ ሁለት አግኝቷል። ቪዲዮውን ከታች አያይዣለሁ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት ሱቁ ይጮሃል።

አንደኛው አዲስ ነው፣ 41 ኢንች፣ ብረት ክር፣ ሰማያዊ፣ ጎኑ የተቆረጠ፣ ከነኢኳላይዘሩ 9 ሺህ 800 ብለውታል። በማስመሪያ ሲለካ 12ኛው ላይ 5 ሚሊ ትንሽ ያልፋል አለ። ሁለተኛው ከግለሰብ ነው፣ ያማሃ ሲ 40፣ ያገለገለ፣ ጀርባው ላይ ጭረት አለበት፣ አንዷ ቁልፍ ትጠብቃለች ይላል፣ 12ኛው ላይ 4 ሚሊ። ባለቤቱ 9 ሺህ 500 ብሎ 8 ሺህ 500 ድረስ ወርዷል። ወንድሜ ሰማያዊው ላይ ልቡ ቀርቷል እኔ ግን ከናንተ በኋላ ወደ ያማሃው ነው የማዘነብለው።

ብሎንና ክር

ቪዲዮውን አየሁት። ሰማያዊው ይቅር፣ 5 ሚሊውን ለማውረድ ሳድሉ የሚበቃው አይመስለኝም፣ 3ኛው ክር 7ኛው ፍሬት ላይም ይታፈናል ሰምታችሁት ከሆነ።

ሲ 40ው ሁሉም ፍሬት ላይ ንጹህ ነው። የምትጠብቀው ቁልፍ ችግር አይደለም፣ ጎኗ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ላላ አድርጎ በጥርሱ ላይ ጠብታ ዘይት፣ ዘይቱ እንጨቱን እንዳይነካ በስንጥር ጫፍ ነው። ካልሆነም ሙሉው የቁልፍ ስብስብ ይቀየራል። ጭረቱ ድምፅ ላይ አይገባም፣ ዋጋ ለማውረድ ግን ይጠቅማል፣ 8 ሺህ ይበለው።

ግን ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር ያድርግልኝ። አንደኛ በቀዳዳው ውስጥ የስልኩን መብራት አብርቶ ወረቀቱን ፎቶ ያንሳ፣ ሞዴሉና ቁጥሩ እንዲታይ፣ ያማሃ የሚል ጽሑፍ ጭንቅላቱ ላይ ብቻ መኖሩ አይበቃም። ሁለተኛ ቪዲዮው ላይ የብሪጁ ኋላ አይታይም፣ እዚያ ጋ ወረቀት ያስገባና በቅርብ ያሳየን፣ በተለይ ድሮ የብረት ክር ታስሮበት የሚያውቅ ከሆነ ምልክቱ እዚያ ነው የሚቀረው፣ ባለቤቱንም በቀጥታ ይጠይቀው። ብሪጁ ካልተነሳ ይክፈል፣ ትንሽም ቢሆን ከተነሳ ደግሞ 5 ሺህ ካልሆነ ይሂድ።

ጣና ዳር

ነገ ከሥራ በኋላ ይሄዳል፣ ፎቶውን ማታ እለጥፈዋለሁ። የሚታሰረውን ናይለን ክር ግን የቱን ልግዛ፣ ኖርማል ቴንሽንና ሃርድ ቴንሽን (የክሩ ውጥረት መሰለኝ) የሚል አለ።

ክራር ወዳጅ

ኖርማል። ሃርዱን ተዪው፣ ለጣትሽም ለአንገቱም።